ሪኮሉ ተሠርቷል የተባለ የ2013 ሶናታ፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ስላላት በየቀኑ በ95 አውራ ጎዳና ትመላለሳለች። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ገና በሕፃናት ወንበር ነው የምትቀመጠው። አንድ ትንሽ ዲለር ጋ የ2013 ሂዩንዳይ ሶናታ አግኝተናል። 2.4 ሞተር ነው፣ 112 ሺህ ማይል ሄዷል፣ ዋጋው 6,500 ዶላር። አንድ ወዳጃችን ‹የዚያ ዘመን ሶናታ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ እንዳትነካው› አለኝ። ሻጩ ደግሞ ‹ሪኮሉ ሁሉ ተሠርቷል፣ ካላመንክ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ እየው› አለኝ። አየሁት፤ እውነትም ያልተሠራ ሪኮል የለበትም ይላል። ታዲያ አስተማማኝ ነው ማለት ነው? በዚሁ ዋጋ የ2008 ካምሪም አለ፤ እሱ ይሻለን ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድረ ገጹ የነገረህ እውነት ነው፤ አንተ የጠየቅኸውን ግን አይመልስልህም። ሪኮል አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ጠርቶ በነፃ የሚያስተካክልበት ጥሪ ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ግን «ሪኮሉ ተሠርቷል» ማለት «ሞተሩ ተቀይሯል» ማለት አይደለም። የሞተሩን ታሪክ የሚናገር ወረቀት ካልቀረበልህ በ6,500 ዶላር አትግዛው። ወረቀቱ ከተገኘና የያዘው ነገር ደህና ከሆነ ግን ከ2008ቱ ካምሪ ይልቅ እሱን እመርጥልሃለሁ። ምክንያቴን ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ሞተሩ ቴታ ቱ ይባላል። ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዓይነት ነው። ሂዩንዳይ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ሶናታ ላይ ገጠመው፤ እህት ኩባንያው ኪያም በኦፕቲማ፣ በሶሬንቶና በስፖርቴጅ ተጠቅሞበታል። እዚህ አሜሪካ የተሸጡት የዚያ ዘመን ሶናታዎች የተገጣጠሙት አላባማ፣ ሞንትጎመሪ በሚገኘው ፋብሪካ ነው።

ጣጣው ያለው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ፒስተኑ ወጣ ወረደ ሲል ያንን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠው ኮሎው ነው፤ እዚህ ክራንክሻፍት ይሉታል። ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ቢዬላ ነው። ቢዬላው ኮሎውን በሚያቅፍበት ቦታ ላይ ስስ የሆኑ ሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች ይቀመጣሉ፤ እኛ ብሮንዚና የምንላቸው። ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ ብሮንዚናውና ኮሎው ፈጽሞ መነካካት የለባቸውም። በመካከላቸው ከፀጉር የሳሳ የዘይት ንጣፍ አለ፤ ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው እሱ ነው። ዘይቱ ወደዚያ የሚደርሰው ደግሞ ኮሎው ውስጥ በተበሱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በኩል ነው።

ሂዩንዳይ በ2015 ለመንግሥት ባቀረበው ማስታወቂያ እንዳመነው፣ ኮሎው ፋብሪካ ውስጥ ሲቀረጽና ሲበሳ የወጣው የብረት ፍርፋሪ ከእነዚያ ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ የቀረባቸው ሞተሮች አሉ። ፍርፋሪው የዘይቱን መንገድ ሲያጠበው ብሮንዚናው ዘይት ያጥረዋል፤ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ከዚያ ኳ ኳ ማለት ይጀምራል። ኳኳታው እየተሰማ ከተነዳ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። የባሰ ሲሆን ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳዋል፤ በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ እሳት ይነሣል። ሞተር በሩጫ ላይ ሲጠፋ የፍሬኑ ማገዣ ከአንድ ሁለት ርግጫ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ባለቤትህ በሌሊት 95 ላይ መሀል መስመር ይዛ ይህ ቢገጥማት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። ወዳጅህ ያስጠነቀቀህ ከባዶ ተነሥቶ አይደለም።

አሁን ወደ ሪኮሉ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። በ2015 የተጠሩት የ2011 እና የ2012 ሶናታዎች ብቻ ነበሩ፤ ወደ 470 ሺህ ገደማ መኪና። የ2013ቱ አልተጠራም። እሱ የተጠራው በ2017 ነው፤ ያኔ የ2013 እና የ2014 ሶናታዎች ከሳንታፌ ስፖርት ጋር ሆነው 572 ሺህ ገደማ መኪኖች ታከሉ። እንግዲህ ልብ በል፤ አንድ ሰው በ2016 የዚህኑ መኪና መለያ ቁጥር፣ ቪን የሚሉትን፣ ድረ ገጹ ላይ ቢያስገባ ኖሮ ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አያገኝም ነበር። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነበር። «ያልተሠራ ሪኮል የለም» የሚለው መልስ እስከዚያች ዕለት ድረስ የታወጀውን ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።

ይህ መዘግየት ዝም ተብሎ አልታለፈም። ኪም ጓንግ ሆ የተባለ የሂዩንዳይ መሐንዲስ በ2016 ኩባንያው ችግሩን በሚገባው መጠን አላሳወቀም ብሎ ለአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ለኤንኤችቲኤስኤ፣ መረጃ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ከሥራው ተባረረ። በ2020 መጨረሻ ሂዩንዳይ በ140 ሚሊዮን፣ ኪያ በ70 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ስምምነት ፈረሙ። በ2021 ደግሞ ለኪም ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ተከፈለው። ዛሬ በዚህ ሞተር ላይ ያለህን መብት ሁሉ ስታይ የዚህን ሰው ውለታ አስብ። ሥራውንና ስሙን አሲዞ ነው ያወጣው።

ሪኮሉ «ተሠራ» ሲባል ምን ተሠራ? መኪናው ወደ ሂዩንዳይ ዲለር ገብቶ ሞተሩ ተመረመረ፤ ምርመራው በዋናነት የብሮንዚናውን ድምፅ ማዳመጥ ነበር። ድምፅ የተገኘበት ሞተር ተቀየረ። ድምፅ ያልተገኘበት ያንኑ ሞተር ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሁለቱም መኪኖች መዝገብ ላይ «ሪኮሉ ተጠናቋል» ተብለው ተጽፈዋል። አንዱ አዲስ ወይም ፋብሪካ ውስጥ የታደሰ ሞተር አለው፤ ሌላው በ2018 በ50 ሺህ ማይል «ደህና ነው» የተባለውን ሞተር ይዞ ዛሬ 112 ሺህ ላይ ደርሷል። ድረ ገጹ እነዚህን ሁለት መኪኖች ለይቶ አያሳይህም። ሻጭህም ለይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ውሸታም ነው እያልኩ አይደለም፤ የነገረህ የሚያውቀውን ነው።

ድረ ገጹ የማያሳይህ ሌላም ነገር አለ፣ እንደኔ ከሁሉ የሚበልጠው። ከ2018 አካባቢ ጀምሮ ሂዩንዳይ ለእነዚህ ሞተሮች የሚጫን ሶፍትዌር አወጣ። ሞተሩ ላይ ቀድሞውኑ ያለውን የኳኳታ ዳሳሽ ተጠቅሞ የብሮንዚናውን መላላት ጆሮ ከመስማቱ በፊት ይለያል። ከለየ የሞተር መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ያስጮኻል፣ የሞተሩን ዙር 2,000 ገደማ ላይ ይገድበዋል፤ ቀስ እያልክ ወደ ዳር ወጥተህ ዲለር ጋ እንድትደርስ ነው። በኮምፒውተር ሲነበብ ኮዱ ፒ1326 ነው። ይህ ሥራ ላንተ ዓይነቱ ሶናታ የወጣው የኩባንያው «ማሻሻያ ዘመቻ» ተብሎ እንጂ ሪኮል ተብሎ ስላልሆነ የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ አይወጣም። የሚታየው በሂዩንዳይ በራሱ የቪን መፈለጊያ ወይም በዲለሩ መዝገብ ነው።

ለምን ይህን ያህል አከበድኩት? ባለቤቶች ከሂዩንዳይ ጋር ባደረጉት የፍርድ ቤት ስምምነት ምክንያት ከ2011 እስከ 2019 የተሠሩት ሶናታዎች ይህ ሞተር ካላቸው በብሮንዚና ለሚመጣ ጉዳት የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው። ዋስትናው የሚሸፍነው የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ነው፤ ብሎኩን፣ ኮሎውን፣ ቢዬላውንና ፒስተኑን። ለግል ተጠቃሚ ነው፣ መኪናውን በኋላ ለገዛውም ሰው ያልፋል። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ግን ይህ ሶፍትዌር መጫኑ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሌለው የ2013 ሶናታ ሁለት ነገር ጎድሎታል፤ ማስጠንቀቂያውም ዋስትናውም። ሶፍትዌሩ በነፃ ነው የሚጫነው። ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ራሱ ሂዩንዳይ ዲለር ወስዶ ያስጭነው በለው። «ከገዛኸው በኋላ አንተ ታስጭናለህ» ካለህ አትቀበል።

እንግዲህ የምታደርገው ይህ ነው። ቪን ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ራስህ አንብብ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩልና በሩ ላይ ባለው ተለጣፊ ላይ አለ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሁለቱ ቦታ አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ማንኛውም የሂዩንዳይ ዲለር የሰርቪስ ክፍል ሂድ፤ ስልክ ላይ ያጣድፉሃል፣ በአካል ብትሄድ ይሻላል። «በዚህ ቪን ሞተር ተቀይሮ ያውቃል ወይ? መቼና በስንት ማይል? የኳኳታ ዳሳሹ ሶፍትዌር ተጭኗል ወይ? የዕድሜ ልኩ ዋስትና አሁን ይሠራል ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም አትመው እንዲሰጡህ ለምናቸው። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ሾርት ብሎክ» ወይም «ሎንግ ብሎክ» የሚል ሐረግ ታገኛለህ፤ ሾርት ብሎክ የታችኛው ክፍል ብቻ ነው፣ ሎንግ ብሎክ የላይኛውን ክፍል፣ ቴስታታውንም ይጨምራል።

በሂዩንዳይ እጅ በ80 ሺህ ማይል ሞተሩ የተቀየረለት፣ ሶፍትዌሩ የተጫነለት ሶናታ ከመጣልህ ደስ ብሎህ ውሰደው። ወዳጅህ የፈራው ነገር ደርሶ ታልፏል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሞተር እንደያዘ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ተጭኖ ዋስትናውም በጽሑፍ ከተረጋገጠ፣ ያኔ ዋጋው ላይ ተከራከር፤ ሞተሩ አንድ ቀን ሊበላሽ እንደሚችልና መኪናው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ሞተር እስኪመጣ ለወራት፣ ዲለር ጋ ሊቆም እንደሚችል አስበህ ነው ገንዘብህን የምታወጣው። ባለቤትህ በዚያ ጊዜ በምን ሥራ ትሄዳለች? ይህንን ማታ ከእሷ ጋር ተነጋገሩበት። አንድ መኪና ብቻ ያለው ቤተሰብ ከሆናችሁ መልሱ ምናልባት «ይቅርብን» ይሆናል።

የባለቤትነት ወረቀቱን፣ ቲትሉንም አትርሳ። «ሳልቬጅ» (ክፉኛ ተጎድቶ የተጣለ)፣ «ሪቢልት» (ከዚያ በኋላ የተጠገነ) ወይም «ፍለድ» (ጎርፍ የገባበት) የሚል ማኅተም ያለበት መኪና ከሆነ የኩባንያውን ዋስትና ብዙ ጊዜ ያጣል፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ደግሞ ሽቦው ከውስጥ እየዛገ ለዓመታት ያሠቃያል። በዚህ መኪና ላይ የዋጋው ግማሽ ዋስትናው ስለሆነ እንዲህ ያለ ቲትል ካየህ ሌላውን ሁሉ ሳታይ ተወው።

ከሞተሩ ሌላ የ2013 ሶናታን የሚነኩ የደኅንነት ጥሪዎች አሉ። በ2017 ከ2011 እስከ 2014 የተሠሩት ሶናታዎች በፊት ወንበር ቀበቶ ምክንያት ተጠርተዋል፤ ቀበቶው በግጭት ጊዜ ከመያዣው ሊላቀቅ ይችል ነበር። ሥራው የደቂቃዎች ነው፣ መያዣው በትክክል መግባቱን አይቶ ማስተካከል። በ2018 ደግሞ ከ2011 እስከ 2013 ያሉት የአየር ከረጢቱን በሚያዘው ኮምፒውተር ምክንያት ተጠሩ፤ አንዳንድ የፊት ለፊት ግጭት ላይ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ተቃጥሎ ከረጢቱ ሳይከፈት፣ ቀበቶውም ሳይጠብቅ ሊቀር ስለሚችል። እነዚህ ሁለቱ ድረ ገጹ ላይ ያልተሠሩ ተብለው ካልወጡ በእርግጥም ተሠርተዋል፤ እንደ ሞተሩ «አዳምጠን መለስነው» የሚባል ነገር የለባቸውም። ቁልፉን ስትከፍት የአየር ከረጢቱ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋቱን ግን በዓይንህ እይ። ሳይጠፋ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰው አምፖሉን ሆን ብሎ አጥፍቶት ይሆናል።

በ2023 ሂዩንዳይና ኪያ አንድ ላይ 3.37 ሚሊዮን መኪኖችን በፍሬኑ ኮምፒውተር ክፍል ምክንያት ጠርተው «ከቤት ውጭ አቁሙ» ማለታቸውን ሰምተህ ይሆናል። ክፍሉ ዘይት አፍስሶ መኪናው ጠፍቶ በቆመበት እንኳ ሊቃጠል ስለሚችል ነው። ያንተ ዓይነቱ ተራ ሶናታ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሶናታ ሃይብሪድ ግን አለ። የወንድሙ ልጅ የሆነው የኪያ ኦፕቲማ፣ ከ2011 እስከ 2015 ያለው፣ በሙሉ ስሙ ተጠርቷል። «ኦፕቲማም ያው ሶናታ ነው» ብሎ የሚያባብልህ ሰው ካለ ይህን አስታውስ።

አንድ ነገር ከሪኮል ውጭ ነው፣ ኪስህን ግን ይነካል። ሶናታው በቁልፍ የሚነሣ ነው ወይስ በአዝራር? በቁልፍ የሚነሡት የዚያ ዘመን ሂዩንዳይና ኪያ መኪኖች አብዛኞቹ የቁልፉን ማንነት የሚለይ የሌባ መከላከያ አልነበራቸውም፤ ይህንን ወጣቶች በቪዲዮ ሲቀባበሉት ከ2021 ጀምሮ ስርቆቱ በየከተማው ተዛመተ። ሂዩንዳይ በ2023 ነፃ ሶፍትዌር አወጣ፣ የ2011 እስከ 2014 ሶናታም ተካቷል፤ ሆኖም አንዳንድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በአንዳንድ ከተሞች እነዚህን መኪኖች አንቀበልም እስከማለት ደርሰው ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት በዚያው ቪን ቁጥር የኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቅ። ወርሃዊው ክፍያ ካስደነገጠህ የመኪናው ርካሽነት እዚያው ተበላ።

ስለ ካምሪው ልንገርህ። ብዙ ወገኖቻችን ቶዮታ የሚል ምልክት ካዩ ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም፤ በአብዛኛው ልክ ናቸው፣ በዚህኛው ግን አይደሉም። የ2007፣ የ2008 እና የ2009 ካምሪ 2.4 ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። የፒስተኑ ፋሻዎች ዘይቱን ጠርገው መመለስ ሲገባቸው እየተጣበቁ ያሳልፉታል፤ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ ይህንን አምኖ ፋሻውንና ፒስተኑን በነፃ የሚቀይርበት ፕሮግራም ነበረው፤ ከፍተኛው ገደቡ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነበርና የ2008ቱ ጊዜ ካለፈበት ቆይቷል። ሪኮል ግን ሆኖ አያውቅም፤ ኩባንያው የያዘው እንደ ዋስትና ጉዳይ እንጂ እንደ ደኅንነት ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ የ2008 ካምሪ ቪን ድረ ገጹ ላይ ስታስገባ ስለ ዘይቱ አንድ ቃል አታገኝም፤ ሹፌሩ ግን በየሁለተኛው የነዳጅ ሙሊት አንድ ጣሳ ዘይት እየጨመረ ይነዳል። ሳይጨምር የረሳ ቀን ሞተሩ ይሄዳል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሪኮል የሚታወጀው ጉድለቱ ሰው ላይ አደጋ ሲያመጣ ወይም ሕጉ ያስቀመጠውን የደኅንነት መለኪያ ሲጥስ ነው። መኪናው ዘይት መብላቱ፣ ካምቢዮው መንቀጥቀጡ፣ ኤሲው በየሙቀቱ ወራት መበላሸቱ በራሱ ሪኮል አይሆንም። በሌላ በኩል አንድ መኪና አሥር ሪኮል ኖሮት ሁሉም የአንድ ቀን ሥራ ሆነው ሞተሩ 300 ሺህ ማይል ሊሄድ ይችላል። የሪኮል ብዛት እየቆጠርክ አስተማማኝነትን አትለካም።

ቶዮታ ከፈለግህ ካምሪውን ሁለት ዓመት ከፍ አድርግ። ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩ 2.5 ሆኗል፣ ያ የዘይት ነገር አብሮ አልመጣም። ማይሉ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ የ2010 ወይም የ2011 ካምሪ 2.5 ከሁለቱም መኪኖችህ በላይ ነው ለኔ። ወደ ኮሮላ የምታዘነብል ከሆነ ደግሞ ከ2003 እስከ 2013 ያሉት ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራው የአየር ከረጢት ጥሪ ይመለከታቸዋልና እዚያ ላይ ጨክን። ታካታ የተጠቀመበት አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ባሕርዩ ይለወጣል፤ ከረጢቱ ሲከፈት የብረት ቤቱን ሰባብሮ ስብርባሪውን ተሳፋሪው ላይ ይተኩሳል። ሰዎች ሞተውበታል። በጃንዋሪ 2024 ቶዮታ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ፣ የማትሪክስና የ2004 እና የ2005 ራቭፎር ባለቤቶችን፣ 50 ሺህ ገደማ መኪና፣ «እስኪቀየር ድረስ አትንዱት» ብሏል። ይህን የምታነብቡ በቤታችሁ እንዲህ ያለ መኪና ካለ ነገ ሳይሆን ዛሬ ቪኑን ተመልከቱ።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባሃል፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ ነው የሚያስበው። የፌዴራል ሕግ አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከ2016 ጀምሮ ከ35 በላይ መኪና ያላቸው አከራዮችም ሳያሠሩ ማከራየት አይችሉም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለርን ግን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን መኪና «እንዳለ» ብሎ ሊሸጥልህ ይችላል፤ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሣጥን ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ከጊቢው ስትወጣ የሚበላሸው ያንተ ነው። ሪኮልን በነፃ መሥራት አምራቹ ላይ ግዴታ የሚሆነው ደግሞ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን 15 ዓመት እስኪሞላው ነው፤ የ2013ቱ ወደዚያ እየተጠጋ ነው። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መሪውን፣ መብራቱን ያያል፤ ብሮንዚናውን አያይም። አዲስ ስቲከር ስላለው ሞተሩ ደህና ነው ብለህ እንዳትደመድም።

አሁን መኪናውን ልታይ ስትሄድ። ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀኝ» በለው። ስትደርስ ኮፋኖውን ከፍተህ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ፤ ትኩስ ከሆነ አስነሥተውታል፣ ተመልሰህ ሌላ ቀን ና። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ሳብ። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይም ዘይቱ ሬንጅ መስሎ ከወፈረ የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደያዘው ነገረህ። ከዚያ ሬዲዮውንና ኤሲውን አጥፍተህ አስነሣ፣ አንተ ውጭ ቆመህ ስማ። ቀጥታ የሚረጭ ሞተር በተፈጥሮው ጣ ጣ ጣ የሚል ቀጭንና ፈጣን ድምፅ አለው፤ ያ አያስፈራህ። የምትፈልገው ወፈር ያለ፣ ከታች የሚመጣ፣ ጋዝ ስትሰጥ አብሮ የሚፈጥን ኳኳታ ነው። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ተነድቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ እንደገና ስማ፤ ዘይቱ ሲቀጥን ነው የተበላ ብሮንዚና ራሱን የሚያጋልጠው።

ሜካኒክ ይዘህ ሂድ ወይም ወደ ሜካኒክ ውሰደው። ሁለት ነገር እንዲያደርግልህ ጠይቅ። አንደኛው ኮምፒውተሩን ሲያነብ ኮድ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የውስጥ ፍተሻዎቹን ማጠናቀቁን እንዲያይ ነው። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ ሰው በቅርቡ ኮድ አጥፍቷል፤ የጠፋው ፒ1326 ይሁን ሌላ አታውቅም፣ ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ይታይ። ሁለተኛው የዘይቱ ፊልትሮ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ዘይትና ፊልትሮ በራስህ ወጪ አስቀይር፤ የወጣውን ፊልትሮ ሜካኒኩ ከፍቶ ወረቀቱን ዘርግቶ በብርሃን ይይልህ። እንደ ብር ቀለም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለበት ብሮንዚናው መበላት ጀምሯል። አንድ ሁለት ነጥብ አያስደነግጥም፤ ወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ሁሉ ካብለጨለጨ ግን ቁልፉን መልስለት። ይህን ለማድረግ የምታወጣው የአንድ ዘይት ቅያሬ ዋጋ ነው።

ሁሉም ነገር ተስማምቶ ከገዛኸው፣ በወሩ ውስጥ በሂዩንዳይ ድረ ገጽ ላይ ስምህንና አድራሻህን ከቪኑ ጋር አስመዝግብ። የሪኮል ደብዳቤ በፖስታ የሚላከው መዝገብ ላይ ላለው ባለቤት ስለሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ቪኑንም በየስድስት ወሩ አንዴ የመንግሥቱም የሂዩንዳይም ድረ ገጽ ላይ አስገባው። ዘይቱን መጽሐፉ ከሚለው ሳታዘገይ በ5,000 ማይል ቀይር፣ በየሁለተኛው ነዳጅ መለኪያውን ሳብ፣ የዘይት ቅያሬውን ደረሰኝ ሁሉ ማይሉ ተጽፎበት አስቀምጥ። ዋስትናው ከባድ ቸልተኝነትን አይሸፍንም፤ አንድ ቀን ሞተሩ ቢበላሽና ዲለሩ «ዘይት ትቀይሩ ነበር ወይ?» ቢልህ የምታቀርበው ማስረጃ እነዚያ ደረሰኞች ናቸው። ለባለቤትህም ይህን አንድ ነገር ንገራት፦ የሞተር መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ብላ ቤቷ መግባት ትችላለች፤ ብልጭ ድርግም እያለ መኪናው ጉልበት ካጣባት ግን ወደ ቀኙ ዳር ወጥታ ትቁም፣ ሞተሩን ታጥፋ፣ ላንተ ትደውል፣ መኪናው በጎታች መኪና (በቶው) ዲለር ይግባ።